መቀነትና ሽርጥ፤ የሰሜንና የወገራ ሴቶች የቤት ሥራ ታሪክ

በቀድሞው ዘመን ሎሌ ከጌታው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ደረቱንና ወገቡን ይታጠቅ ነበር። ይህም ማደግደግ ይባላል። ያደገደገ ሰው ለመታዘዝ የተዘጋጀ መሆኑን አፉን ሳይከፍት በልብሱ ይናገራል። ከጌታው ፊት ዞር ካለ በኋላ ግን የታጠቀውን ሸማ ፈትቶ መልሶ ከትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ በዚያች ሰዓት ሎሌነቱ ለጊዜውም ቢሆን ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በጎንደር አካባቢ የሕዝቡን አኗኗር ያጠናው የባህል ተመራማሪ ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ሸማ ድምፅ የሌለው ቋንቋ መሆኑን በሰፊው አስረድቷል።

ይሁን እንጂ ከሎሌው ይበልጥ የታጠቀ ሌላ ሰው በየቤቱ ነበር። ይኸውም የቤቱ እመቤት ናት። ሎሌው የሚያደገድገው ከጌታው ፊት ሲቆም ብቻ ሲሆን፣ እርሷ መቀነቷን የምትታጠቀው ከዶሮ ጩኸት ቀድማ፣ የምትፈታውም ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። የሎሌው መታጠቅ አገልግሎት ተብሎ ስም ተሰጥቶታል፤ ቀለብና ልብስ፣ ሲቀናውም ሹመት አስገኝቶለታል። የእርሷ መታጠቅ ግን የሴት አለባበስ ነው ተብሎ ታለፈ እንጂ የሥራ ምልክት ሆኖ አልተቆጠረም።

ሽርጥ የሚባለው የሥራ ልብስ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ሽርጥ ሥራ ሲጀመር ይታሸረጣል፤ ሥራ ሲያበቃ ተፈትቶ ከምስማር ላይ ይሰቀላል። በአውሮፓ ከተሞች የቆዳ ሽርጥ የአንጥረኛ፣ ነጭ ሽርጥ ደግሞ የቤት ሠራተኛ መለያ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለዚህ ሽርጥ ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ አንደኛው ሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መሆኑን፣ ሁለተኛው ሠራተኛውና ሥራው የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የሰሜንና የወገራ ደጋ ሴት ሽርጥ አልነበራትም። የነበራት መቀነት ነው። የቤት ሥራዋ ታሪክም ከመቀነት ወደ ሽርጥ የተደረገው ረጅምና ያላለቀ ጉዞ ታሪክ ነው።

ደጋውና ቤቱ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ደባርቅ ይገኛል። በቀድሞው አከፋፈል ዳባት የወገራ አውራጃ፣ ደባርቅ የሰሜን አውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ነው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ብርዳም ከተሞች ሲሆኑ፣ ከደባርቅ በስተምሥራቅ መሬቱ እየወጣ ሄዶ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የራስ ዳሽን ተራራ ይደርሳል። በስተሰሜን ደግሞ በሊማሊሞ ገደል በድንገት ወደ ቆላው ይወርዳል። ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ያልፍ የነበረው በዚሁ በሊማሊሞ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል ወጥቶ ነው።

ይህ አቀማመጥ የሴቲቱን ሥራ ወስኖታል። በከፍተኛው ደጋ የሚበቅለው በዋናነት ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ከጤፍ ይልቅ እጅ የሚፈልግ እህል ነው። ለእንጀራ ሲሆን ገለባው እስኪለቅ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ለበሶ ሲሆን ይቆላና ይፈጫል፤ ለጠላ ሲሆን ከፊሉ በቅሎ ብቅል ይሆናል፣ ከፊሉም ተቆልቶና ተፈጭቶ አሻሮ ይሆናል። ብርዱ ማገዶ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ እንጨት ይለቀማል፣ ኩበት ይጠፈጠፋል። ውሃው ከቤት በታች ካለው ምንጭ በእንስራ ተቀድቶ በጀርባ ይመጣል። ጥጥ በደጋው ስለማይበቅል ከቆላ ገበያ ተገዝቶ ገደሉን ይወጣል።

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው የቆየ ተረት ይህንን የሥራ ክፍፍል በአጭሩ ይገልጸዋል። ችሎት ነገር የሚሰማበት፣ ሰው በስሙ የሚጠራበት አደባባይ ነው። ማጀት ግን ከግድግዳ በስተጀርባ ያለ ስፍራ ነው። ከዚያ የሚወጣው ምግብ ይታያል፤ ያዘጋጀው እጅ ግን አይታይም። የታሪክ ጽሑፍም እንደ እንግዳው ከፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጦ የቀረበለትን በላ እንጂ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ማጀት አልገባም።

የመቀነት አገልግሎት

መቀነት ወርዱ ጠበብ ያለ፣ ርዝመቱ ወገብን ደጋግሞ የሚዞር የጥጥ ጨርቅ ነው። በክብረ በዓል ቀን ጥለት ያለውና ንጹሕ የሆነው ይታጠቃል፤ ያን ጊዜ ጌጥ ነው። በዘወትር ቀን ግን መሣሪያ ነው። ጎንበስ ብላ የምትፈጭ ሴት ወገቧን የምትደግፍበት እርሱ ነው። ሰፊው ቀሚስ ከእሳት እንዳይገባ ከፍ ተደርጎ የሚያዘው በመቀነት ነው። አራስ ሴት ከመኝታዋ ስትነሣ ወገቧን አጥብቃ የምታስረው በመቀነት ነው። ከገበያ ያገኘችውን ሳንቲም የምትቋጥረውም ከመቀነቷ ጫፍ ነው።

ይህ የመጨረሻው አገልግሎት በተለይ ሊስተዋል ይገባዋል። እህሉ በጎተራ ሆኖ በአባወራው ስም ይታወቃል፤ በሬውና መሬቱም እንዲሁ። ሴቲቱ እንቁላልና ቅቤ፣ ጌሾና ፈትል ሸጣ የምታገኛት ጥቂት ገንዘብ ግን በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥራ ትቀመጣለች። ጨው የሚገዛው፣ የልጅ መድኃኒት የሚፈለገው፣ የዕድር መዋጮ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከዚህች ቋጠሮ ነው። ስለዚህ መቀነት በአንድ በኩል የሥራ መታጠቂያ፣ በሌላ በኩል የሴቲቱ ብቸኛ ሣጥን ነበር ማለት ይቻላል።

ወፍጮና መጅ

በደጋው ቤት ከሥራ ሁሉ የከበደው የወፍጮ ሥራ ነው። ወፍጮ የታችኛው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ መጅ ደግሞ በሁለት እጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ ነው። እህሉ በመካከላቸው ይገባና ሴቲቱ በመላ ሰውነቷ እየገፋች ታደቅቀዋለች። አንድ ጊዜ ከካች በኋላ እንደገና ታልመዋለች። ድንጋዩ ሲልም መፍጨት ስለሚያቅተው በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ይወቀራል። ሥራው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው፤ ምክንያቱም ከነጋ በኋላ ውሃ፣ ማገዶ፣ ከብትና ልጅ ይጠብቋታል። ሴቶች ድካሙን ለማስረሳት በወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩ ነበር። በቀን በሰው ፊት የማይነገረው የባል ክፋት፣ የአማት ቁጣ፣ የናፍቆትና የድህነት ነገር ሁሉ በጨለማ ከድንጋዩ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር። የአማርኛ ቃል ግጥም ሰብሳቢዎች ከአውድማና ከፉከራ ጋር የወፍጮን እንጉርጉሮ እኩል ሊያዩት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ወፍጮ የማዕረግ ልዩነትም ይታይበት ነበር። በመኳንንትና በባለጸጋ ቤት እመቤቲቱ ወፍጮ አትይዝም፤ ፈጪዋ ባሪያ ወይም ገረድ ነበረች። በድሃ ቤት ግን ሚስቲቱ ራሷ ትፈጫለች፤ ልጅቱም ቁመቷ ወፍጮው ላይ ሲደርስ ከእናቷ አጠገብ ትቆማለች። በኢትዮጵያ የባርነትን ሕጋዊ መሠረት ያስቀረው አዋጅ የወጣው ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሰውን ነጻ ቢያወጣም ወፍጮውን ግን አላስቆመውም። ከዚያ በኋላ መጁን የያዘችው ገረድ ተብላ በቀለብና በልብስ የምታድር የድሃ ልጅ ሆነች።

ፈትልና ሸክላ

ወፍጮው ፋታ ሲሰጥ እንዝርት ይነሣል። ከቆላ የመጣው ጥጥ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ተባዝቶ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ድሩ ቀጭንና ጠንካራ፣ ማጉ ለስላሳ መሆን አለበት። ይህንን የምታውቀው ፈታይዋ ናት። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ይወሰድና ኩታ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ መቀነትም ሆኖ ይመለሳል። ለሸማኔው የሽመና ዋጋ ይከፈለዋል፤ ለፈታይቱ ግን የሚከፈል ነገር የለም። አንድ ጋቢ የሚሸመነው በጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ድርና ማጉን ለማዘጋጀት ግን ሴቲቱ በየመካከሉ ያገኘችውን ጊዜ ሁሉ ለወራት ትሰጣለች። ስለዚህ ሎሌው ያደገደገበት፣ ዳኛው ተጎናጽፎ የተቀመጠበት፣ የሞተው ሰው የተገነዘበት ጨርቅ ሁሉ መነሻው የሴት ጣት ነው።

የማጀቱ ዕቃ ደግሞ የሌሎች ሴቶች ሥራ ነበር። በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በሕዝቡ ዘንድ በእጅ ሥራቸው ይታወቁ ነበር። ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ቤተ እስራኤል በሰሜን ተራሮች የነበራቸው ኃይል በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ርስት አጥተው በእጅ ጥበብ ለመኖር ተገደዱ። ምጣዱ፣ እንስራው፣ ጋኑና ድስቱ ከእነርሱ እጅ ይመጣ ነበር። ሸክላውን የገዛችው ሴት ግን ሠሪዋን ቡዳ ናት ብላ ትፈራት ነበር። አንዲት ሴት የሠራችውን ዕቃ ሌላይቱ ዕለት በዕለት እየተጠቀመችበት ሁለቱ በአንድ ገበታ አለመቅረባቸው ከዚህ ታሪክ አሳዛኝ ገጾች አንዱ ነው። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። በደጋው ገበያ የሸክላ እንስራ ቦታ ቀስ በቀስ በፕላስቲክ ጀሪካን ተያዘ።

ግብር፣ ድርጎና ጦር

የቤት ሥራ ከቤት ውጭ የማይሻገር የግል ጉዳይ ይመስላል። የሰሜንና የወገራ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። የድሮው መንግሥት የሚንቀሳቀሰው በዱቄት ነበር። በመንግሥት ፈቃድ የሚያልፍ እንግዳ ከየመንደሩ ድርጎ ይሰጠው ነበር፤ ይህም እንጀራ፣ ጠላ፣ ዶሮና ማር ነው። ወታደር በገበሬው ቤት ሲሠፍር ገበሬው ያበላው ነበር ተብሎ ይጻፋል። ገበሬው ግን እንጀራ አይጋግርም። እንግዳው ማታ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ወፍጮ የሚስቲቱ ነው።

ይህ ሸክም በተለይ የበረታው በዘመነ መሳፍንት ነው። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ይዘው ሲኖሩ ብዙ ሠራዊት ያንቀሳቅሱ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ድል አደረጉና በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዜና መዋዕሉ የመኳንንቱን ስምና የድሉን ቀን ይነግራል። ሁለቱ ሠራዊት በዚያ ብርድ አገር ሲጠባበቁ ስንቃቸውን ማን እንደፈጨ ግን አይናገርም። ከሠራዊቱ ጋር ወፍጮና ምጣድ፣ የጠጅ ጋንና የበርበሬ ቋት ተሸክመው የሚከተሉ ሴቶች በኢትዮጵያ የጦር ጉዞ ሁሉ ነበሩ። ያለ እነርሱ ሠራዊቱ ከሦስት ቀን በላይ አይራመድም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ በገበሬው ላይ መሥፈሩን ለማስቀረት ያሰቡት አሳብ ቢሳካ ኖሮ ከሁሉ አስቀድማ የምትገላገለው ወፍጮ ላይ የቆመችው ሴት ነበረች።

ከዚሁ ከሰሜን ቤት የተወለደች አንዲት ሴት የማጀትን ኃይል ለአገር አሳይታለች። እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ውቤ ወንድም የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት የብዙ ቀን ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ተመዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ድግስ በኢትዮጵያ የምግብ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ሰጥቶታል። የየአገሩ ወጥና መጠጥ በአንድ አዳራሽ መቅረቡ የንጉሡ ግዛት ምን ያህል እንደሰፋ በገበታ የሚያሳይ ነበርና። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ጊዜም በእቴጌይቱ ትእዛዝ ሴቶች በጦርነቱ መካከል ለተዋጊው ውሃ አድርሰዋል። በውጊያው ሰዓት ውሃ ማቅረብ የቤት ሥራ ነው ወይስ የጦር ሥራ? የዘመኑ ሰው በጦር ሜዳ ሲያየው ጀግንነት አለው። ያው እንስራ ከምንጭ ወደ ቤት ሲመጣ ግን ስም አልነበረውም።

መንገድ፣ ከተማና ሽርጥ

እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው ሆቴል በአገሪቱ የቤት ሥራ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። ምግብ እስከዚያ ድረስ የሚቀርበው ለቤተሰብ፣ ለእንግዳ፣ ለጌታ ወይም ለድሃ ነበር። አሁን ግን ለሚከፍል ሁሉ መቅረብ ጀመረ። ምግብ ዋጋ ካለው ወጥ ሠሪውም ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ሽርጥም በኢትዮጵያ ከተሞች የታየው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ጋር ነው፤ በሆቴል፣ በሻይ ቤት፣ በሐኪም ቤትና የባልትና ትምህርት በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች።

ወደ ዳባትና ደባርቅ ይህ ለውጥ የደረሰው በመኪና መንገድ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዙበት ጊዜ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አሥመራ የሚወርደውን መንገድ ሠሩ። ከደባርቅ አጠገብ በወልቀፊት መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለአገሩ ሰው ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት መኪና የሚያድርባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከተማ ሆኑ። የሞተር ወፍጮም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ገባ። እህል በአህያ ወይም በጀርባ ተጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት መሄድ ሲጀምር የሴቲቱ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አጠረ። ለዚያ የምትከፍለው ሳንቲም ግን ከመቀነቷ ጫፍ የሚፈታ ነበር።

የመንገዱ ዳር ከተማ ለሌላ ዓይነት ሴትም መጠጊያ ሆነ። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች ወይም በልጅነቷ ከተዳረችበት ቤት የሸሸች ሴት ወደ ከተማ ወርዳ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ፣ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ትችል ነበር። በገጠር ያለ ዋጋ የምትሠራው ሥራ በከተማ ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። ሆኖም የጠላ ሻጭ ሥራ በሕዝቡ ዘንድ ክብር አልነበረውም። አንዲት ሴት ያንኑ ጠላ ለባሏ እንግዳ ብትጠምቅ ባለሙያ ትባላለች፤ ለራሷ ብትሸጠው ግን በክፉ ዓይን ትታያለች። ሥራው ሳይለወጥ ስሙ የተለወጠው ገንዘቡ ወደ እርሷ እጅ ስለገባ ነው።

ሙያ የሚለው ቃል

አማርኛ በዚህ ነገር ከሕግ የቀደመ ይመስላል። ሙያ የሚለው ቃል የሐኪሙንም፣ የአናጢውንም፣ የመምህሩንም የሥራ ዕውቀት ይገልጻል። ደግሞም ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ሙያ ያላት ሴት ቢባል እንጀራዋ ዓይናማ፣ ወጧ የጣፈጠ፣ ጠላዋ የጠራ፣ ፈትሏ የቀጠነ ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ይገነዘባል። ስለዚህ ሕዝቡ በቋንቋው የቤት ሥራን ዕውቀት ብሎ ተቀብሎታል። ዋጋ ግን አልሰጠውም።

ሕጉ ምን እንዳለ ማየት ደግሞ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። በቁጥር 646 ላይም ባልየው ለሚስቱ አገልጋዮች ለማኖር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ጥሎባት ነበር። የዚህ አንቀጽ አስተሳሰብ ግልጽ ነው። የቤት ሥራ የአገልጋይ ሥራ ነው፤ አገልጋይ ከሌለ ሚስት ትተካለች። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ማንኛውም መሬቱን በራሱ ጉልበት ለማረስ የፈቀደ ሰው ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ነገር ግን በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ሆነ። መሬት የአራሹ ነው ሲባል አራሽ የተባለው ሞፈር የያዘው ነው። ዘሩን የለቀመችው፣ አረሙን ያረመችው፣ የአራሹን ምሳ ወደ እርሻ ያደረሰችው ሴት በዚያ ቃል ውስጥ መግባቷ አጠራጣሪ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው አደረገ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በዚያው ጊዜ አካባቢ በክልሉ በተጀመረው የመሬት ይዞታ ምዝገባ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ አብሮ እንዲሰፍር ተደረገ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከማጀት ያልወጣች የነበረች ሴት ፊቷ በመንግሥት ማኅተም አጠገብ ታየ። ባልና ሚስት ቢለያዩም መሬቱን ለመካፈል የምትይዘው ማስረጃ አገኘች።

የቤት ሥራው ራሱ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተቆጠረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ አድርጎ በሌላ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ስለዚህ ከደባርቅና ከዳባት ገጠር ወጥታ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ በሰው ቤት የምታድር ልጅ የሥራ ሰዓቷን የሚወስን አንቀጽ በዚያ አዋጅ ውስጥ አታገኝም። በ2005 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሰዎች 24ቱን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፉት ሲጠየቁ፣ ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የተጫነ መሆኑ በቁጥር ታየ። ይህንን የደጋው ወፍጮ ሲናገረው ቆይቷል።

ከተራራው ሥር

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ገደማ በሕግ ከተቋቋመና እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ደባርቅ የተራራው መግቢያ በር ሆነች። ለዋሊያና ለጭላዳ የሚመጣ እንግዳ መንገድ መሪ፣ በቅሎ ነጂ፣ ጠባቂና ወጥ ሠሪ ይቀጥራል። ከእንግዶች ጋር ወደ ተራራ የሚወጣው ወጥ ሠሪ ሽርጡን አሸርጦ ይሠራል፤ ሥራውም ሲያበቃ ፈትቶ ደመወዙን ይቀበላል። ይህ ወጥ ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። በማጀት ሳለ የሴት የነበረው ሥራ አደባባይ ወጥቶ ገንዘብ ሲያስገኝ የወንድ መሆኑ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ወንዱ ማብሰሉ አይነቀፍም፤ እንዲያውም ወጥ መሥራት በተፈጥሮ የሴት ብቻ ነው የሚለውን አሮጌ አስተሳሰብ በተግባር ያፈርሰዋል። ጥያቄው ያንኑ ሥራ በቤቷ የምትሠራው ሚስቱ ለምን ሥራ የላትም እንደምትባል ነው።

በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ በግጭ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሠፈሩ። ከፍተኛው ደጋ ላይ ገብስ እየዘሩ የኖሩ ሰዎች የከተማ ነዋሪ ሆኑ። ከእርሻ ለተለየ ገበሬ የሥራ መጥፋት ወዲያው ይታያል፤ ለካሣና ለሥልጠናም መነሻ ይሆናል። የሚስቲቱ ሥራ ግን በመዛወሩ አልጠፋም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ከጎተራ ይወጣ የነበረው እህል ከገበያ፣ ከዱር ይለቀም የነበረው ማገዶ በገንዘብ መገኘት ሲኖርበት የማጀቱን ጉድለት የምትሞላው እርሷ ናት።

በእጅ ወፍጮ የፈጩ፣ ጥጥ ነድፈው ፈትለው ቤተሰባቸውን ያለበሱ እናቶች በሰሜንና በወገራ ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። የመሳፍንቱ ጋሻና ጎራዴ በየቤተ መዘክሩ ተሰቅሎ ይታያል። ከእርሱ አጠገብ ወፍጮና መጅ፣ እንዝርትና ልቃቂት፣ የዘወትር መቀነትም ቢቀመጥ ታሪኩ ይሟላል። መሰብሰብ ያለበት ዕቃው ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ስንት ጊዜ እንደሚወቀር፣ ለአንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚገባ፣ ሌሊት ምን እንደሚንጎራጎር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ የባህል ሠራተኞችና የታሪክ ተማሪዎች ወደ ማጀት ገብተው፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሊጠይቋቸው ይገባል። ይህም ጊዜ ሳያልፍ ዛሬ መደረግ ያለበት ነው።